«መግቢያው ስንት ነው?»

ቅጠል በሚረግፍበት ወራት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰባት ሆነን ከቶሮንቶ ምሥራቃዊ ጫፍ ወደሚገኘው የሩዥ ሸለቆ ሄድን። ከመካከላችን ልጃቸውን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጉልበታቸው ግን ከብዙዎቻችን ይሻላል። ነጠላቸውን ከካፖርታቸው በላይ አጣፍተው ከመኪናው ወረዱና ዙሪያውን ቃኙ። ቀጥለውም ቦርሳቸውን ከፈቱ።

«መግቢያው ስንት ነው?» አሉ።

«አይከፈልም፣ እማማ። ነፃ ነው።»

«ዘበኛውስ የታለ?»

«በር ላይ የሚቆም ዘበኛ የለውም።»

እማማ ቦርሳቸውን ሳይዘጉ ትንሽ ቆዩ። «የማን ነው ታዲያ?»

የልጃቸው ባል ቸኩሎ «የመንግሥት ነው» ብሎ መለሰላቸው።

«የመንግሥት ከሆነማ ሳይመጡብን እንመለስ» አሉ፤ ፊታቸው ላይ የቀልድ ምልክት አልነበረም።

ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ግን ብዙ አልዘለቀም። አገር ቤት ጋዜጣ ስናዘጋጅ ለኖርን ሰዎች «የመንግሥት» እና «የሕዝብ» የሚሉት ሁለት ቃላት አንዱ በሌላው ቦታ እየገባ ስንቱን ዓረፍተ ነገር እንዳሳመረ እናውቀዋለንና። እማማ የጠየቁት ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነው። ይህ ሁሉ ደን፣ በካናዳ ትልቁ ከተማ ጫፍ ላይ፣ አንድ ካሬ ሜትር መሬት በወርቅ በሚሸጥበት ቦታ፣ ያለ አጥርና ያለ ቲኬት እንዴት ሊተርፍ ቻለ? የማን ነው? ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ይህንኑ ስንጠይቅና ስናገላብጥ ከረምን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት «በእኛ አቆጣጠር» ካላልን በስተቀር የፈረንጆቹ ናቸው።)

ከራሱ ከሩዥ እንጀምር። ሩዥ የከተማ ብሔራዊ ፓርክ 79 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ከኦንታርዮ ሐይቅ ዳር ተነሥቶ ቶሮንቶን፣ ማርካምን፣ ፒከሪንግንና አክስብሪጅን እየነካካ ወደ ሰሜን ይዘልቃል። ውስጡ ደን አለ፣ ረግረግ አለ፣ ዛሬም የሚታረስ እርሻ አለ። ብላንዲንግ የምትባለውን፣ ከመጥፋት አፋፍ የደረሰች ኤሊ ከቶሮንቶ መካነ አራዊት ጋር በመተባበር ከ2014 ጀምሮ ጫጩቶቿን እያሳደጉ እዚያው ረግረግ ውስጥ ይለቃሉ። ኤሊ ለማሳደግ ይህን ያህል መጨነቅ ለእኛ ሰው ሊያስቀው ይችላል። እኛም መጀመሪያ ስንሰማ ፈገግ ብለናል።

ነገሩ የተጀመረው ግን በኤሊ አይደለም፤ በአውሮፕላን ነው። በ1972 የካናዳ ፌዴራል መንግሥት ከቶሮንቶ ሰሜን ምሥራቅ ፒከሪንግ ላይ ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ እሠራለሁ ብሎ 18 ሺህ 600 ኤክር የእርሻ መሬት ከባለቤቶቹ በግዳጅ ወሰደ። ካሳ ከፈለ፣ ነገር ግን አስገድዶ ነው። ገበሬዎቹና የአካባቢው ነዋሪዎች «ሰው ወይስ አውሮፕላን» በሚል ስም ተደራጅተው ተነሡ። ተሰለፉ፣ ጠበቃ ቆሙ፣ ባዶ ቤቶች ውስጥ ገብተው አንወጣም አሉ። በ1975 የኦንታርዮ ክፍለ ሀገር መንግሥት ድጋፉን ሲያነሣ ሥራው ቆመ። በዚያው ዓመት ሌሎች ነዋሪዎች የሩዥን ሸለቆ ከቤት ሠሪ ኩባንያዎች ለማዳን ሌላ ማኅበር መሠረቱ። መሬቱ በመንግሥት እጅ እንዳለ፣ ገበሬው በራሱ መሬት ላይ ጢሰኛ ሆኖ፣ ዓመታት አለፉ። ሩዥ በ1995 የክፍለ ሀገር ፓርክ ሆነ፤ በ2015 በፓርላማ አዋጅ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ ለአውሮፕላን ማረፊያ ተብሎ ከተወሰደው መሬትም ሰፊው ክፍል ተጨመረለት። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ የትራንስፖርት ሚኒስትሯ አኒታ አናንድ አውሮፕላን ማረፊያው እንደማይሠራ በይፋ አስታወቁ። 53 ዓመት መሆኑ ነው።

ከዚህ ታሪክ አንዲት ነገር የእኛን የአርታኢ ዓይን ሳበች። የ2015ቱ አዋጅ ሲረቀቅ የኦንታርዮ ክፍለ ሀገር የራሱን መሬት ለፓርኩ ለማስረከብ እምቢ አለ። ምክንያቱ ገንዘብ አልነበረም፤ አዋጁ የተፈጥሮውን ሙሉነት መጠበቅ የመጀመሪያው ግዴታ ነው የሚል ቃል በግልጽ አላስቀመጠም ብሎ ነው። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በ2017 ሕጉ ተሻሽሎ ያ ሐረግ ገባና መሬቱ ተላለፈ። ስለ አንድ ሐረግ ሁለት መንግሥታት በአደባባይ ሲጨቃጨቁ ማየት፣ «ሐረጉን ቀይረው» የሚል የስልክ ትእዛዝ ብቻ ለሚያውቅ አርታኢ እንግዳ ነገር ነው።

* * *

ዳንፎርዝ አካባቢ የሚኖር ሐበሻ ወደ መሐል ከተማ በምድር ውስጥ ባቡር ሲጓዝ፣ ብሮድቪው ከተባለው ጣቢያ በኋላ ባቡሩ ለአንድ ደቂቃ ያህል ከመሬት ብቅ ይልና በረጅም ድልድይ ላይ ያልፋል። ታች የዶን ወንዝ ሸለቆ ነው። በክረምት ነጭ፣ በበጋ አረንጓዴ። ብዙዎቻችን ይህን ሸለቆ በባቡር መስኮት አሥርና ሃያ ዓመት አይተነዋል፤ አንድ ቀን ግን ወርደን አልረገጥነውም። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ሽርሽር መቼ ይሄዳል የሚል አለ፤ እውነት ነው። ሌላም ምክንያት ያለ ይመስለናል። ጫካ ለእኛ ትውልድ የሚሸሹበትና የሚሸፍቱበት ነው። ደስ ብሎት ጫካ የሚገባ ሰው አላሳደገንም።

ታዲያ ከተማው መሐል እነዚህ ሸለቆዎች ያለ ቤትና ያለ ፎቅ እንዴት ቀሩ? መልሱ አሳዛኝ ነው። ኦክቶበር 15 ቀን 1954 ሌሊት ሄዝል የተባለው ማዕበል ቶሮንቶ ላይ ወረደ። የሃምበር ወንዝ ሞልቶ ሬይሞር በሚባል አንድ መንገድ ላይ ብቻ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ጠርጎ 35 ሰው ገደለ። በኦንታርዮ በጠቅላላው 81 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ የተደረገው ነገር ነው ዋናው። ጎርፍ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ቤት እንዳይሠራ ተከለከለ። በ1957 የከተማዋን ወንዞችና ተፋሰሶች የሚጠብቅ ባለሥልጣን ተቋቋመና በየወንዙ ዳር ያለውን መሬት እየገዛ ወደ ፓርክ ለወጠው። ዛሬ የቶሮንቶ ልጅ ብስክሌት የሚነዳበት የወንዝ ዳር ሁሉ ከሞላ ጎደል የዚያ ሌሊት ሙታን ያወረሱት ነው።

ይህን ስናነብ ድሬዳዋ ትዝ አለችን። በ2006፣ በእኛ አቆጣጠር በ1998 ክረምት፣ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ይዞ ሄደ። የእኛም ሰው አለቀሰ፣ እርዳታ ተሰበሰበ፣ የመከላከያ ግንብ ተገነባ። የወንዙን ዳር ግን ማን ምን ያድርግበት የሚለውን ጥያቄ ያነሣ ጋዜጣ አላየንም።

* * *

በምዕራብ በኩል ያለው ሃይ ፓርክ ታሪኩ ሌላ ነው። ጆን ጆርጅ ሃዋርድ የሚባል፣ ከእንግሊዝ የመጣ አርክቴክትና የመሬት ቀያሽ ነበር። ልጅ አልነበራቸውም። በ1873 እሱና ሚስቱ ጀማይማ 165 ኤክር መሬታቸውን ለከተማው አስረከቡ። በምላሹ ከተማው ለባልና ሚስቱ ዕድሜ ልክ የሚከፈል ጡረታ ቆረጠላቸው። ከውሉ ጋር ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረበት፤ መሬቱ ለዘለዓለም የከተማው ነዋሪ ሁሉ በነፃ የሚጠቀምበት ፓርክ ሆኖ ይቀራል፤ መጠጥም አይሸጥበትም። ከተማው አጠገቡ ያለውን መሬት እየገዛ ጨመረበትና ዛሬ 160 ሄክታር አካባቢ ደርሷል። አዛውንቱ ውሉን ሲጽፉ ከንቲባ ተለዋዋጭ መሆኑን የተረዱ ይመስለናል። ብልህ ሰው ነበሩ።

በዚህ ፓርክ ውስጥ በየዓመቱ በፀደይ ሰው የሚጋፋባቸው የቼሪ ዛፎች አሉ። ብዙዎቻችን ፎቶ ተነሥተንባቸዋል። ከየት እንደመጡ ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ካናዳ የጃፓን ዘር ያላቸውን የራሷን ዜጎች ከምዕራብ ጠረፍ አፍሳ በመጠለያ አጎረቻቸው፤ ቤታቸውንና ጀልባቸውን ሸጠችባቸው። ከጦርነቱ በኋላ ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ወደ ቶሮንቶ መጥተው ሰፈሩ። በ1959 የቶኪዮ ነዋሪዎች፣ ቶሮንቶ እነዚያን ሰዎች ስለተቀበለች ለማመስገን 2 ሺህ የቼሪ ችግኞች ላኩ። እኛም ተፈናቃዮች ነን፤ የተቀበለችንም ይህችው ከተማ ናት። ያን አበባ ከዚህ ወዲህ ስናይ ሌላ ነገር ሆኖ ይታየናል።

በፓርኩ ምሥራቃዊ ዳር የተፈጥሮ ማዕከል አለ። ትልቅ ሕንፃ እንዳይመስላችሁ፤ ተማሪ ቤት ነው የሚመስለው። የከተማው ልጆች ከየትምህርት ቤቱ እየመጡ ቅጠል ከቅጠል፣ የወፍ ድምፅ ከወፍ ድምፅ መለየት ይማሩበታል። ከእኛ ጋር የመጣው የእማማ የልጅ ልጅ በሦስተኛ ክፍል እዚህ መጥቶ እንደነበር ነገረን። ፓርኩ ውስጥ ጥቁር ኦክ የሚባል ዛፍ ከሣር ጋር ተቀላቅሎ የሚበቅልበት፣ በአካባቢው እየጠፋ ያለ ሜዳ አለ፤ የከተማው ባለሙያዎች ከ2000 ዓመት ጀምሮ በፀደይ ወራት እየመረጡ እሳት ይለቁበታል። የኦክ ሜዳው እሳት ካላገኘ በሌላ ዛፍ ይዋጣል። የጥንቶቹ ባለአገሮች ይህን ያውቁ ነበር። ሣሩን በየጊዜው የሚያቃጥል የቆላ አርብቶ አደርም ያውቀዋል፤ በእኛ አገር የግብርና ባለሙያ ግን «ኋላ ቀር ልማድ» ብሎ ሲያስተምረው፣ እኛም ያንኑ ስንጽፍ ነው የኖርነው።

* * *

ከሁሉም ያስደነቀን ግን ከከተማው ወደብ ወደ ሐይቁ 5 ኪሎ ሜትር የሚገባው ምድር ነው። ቶሚ ቶምሰን ፓርክ ይባላል። ይህን መሬት እግዜር አልፈጠረውም። በ1959 የወደብ አስተዳደሩ ለመርከብ ማዕበል መከላከያ ብሎ ሐይቁን በፍርስራሽ መሙላት ጀመረ። ቶሮንቶ ፎቅ ለመሥራት የድሮ ቤቶቿን ስታፈርስ ጡቡ፣ ኮንክሪቱ፣ የተጣመመው ብረት ሁሉ ወደዚያ ተጋዘ። የመርከብ ንግዱ ግን ሌላ መልክ ያዘና የታሰበው ወደብ ሳይስፋፋ ቀረ። ፍርስራሹ ባዶውን ሲቀመጥ ነፋስና ወፍ ዘር አመጡበት። ሣር በቀለ፣ ዛፍ በቀለ። ወፍ መጣ፤ እስካሁን ከ300 በላይ የወፍ ዓይነት ተመዝግቦበታል። አስተዳዳሪዎቹ ሆቴልና የጀልባ ማቆሚያ ሊሠሩበት ሲያስቡ በ1977 ነዋሪዎች ተደራጅተው «ተዉት፣ እንዲሁ ይሁን» ብለው ተሟገቱ። ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው እንጂ ተሳካላቸው። በሐይቁ ዳር ስትሄዱ ዛሬም የቤት ጡብ ከነቀለሙ፣ የወጥ ቤት ንጣፍ ከነአበባው፣ ውኃ ያለሰለሰው ሆኖ ታገኛላችሁ።

ፓርኩ ስሙን ያገኘው ከቀድሞው የከተማው የፓርኮች ኃላፊ ነው። ይህ ሰው የሚታወሰው በአንድ ማስታወቂያ ነው። በየመናፈሻው «እባክዎ በሣሩ ላይ ይራመዱ» የሚል ሰሌዳ አስተከለ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ ሁለቴ ማንበብ አለበት። እኛ የምናውቀው «ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው» የሚለውን ነው፤ ከአጠገቡ ዱላ የያዘ ጥበቃም አይጠፋም።

ይህን ስንል ካናዳን መላእክት የሰፈሩባት አገር አድርገን ለመሣል አይደለም። ቶሮንቶ ያለችበት መሬት ራሱ የሚሲሳጋ ሕዝብ ነበር። እንግሊዞች በ1787 ገዛነው ያሉበት ውል ዝርዝሩ ያልተሞላ ባዶ ወረቀት ሆኖ ተገኘ። በ1805 ሌላ ውል ተደረገ፤ ከ250 ሺህ በላይ ኤክር መሬት፣ ዋጋው 10 ሺልንግ። ጉዳዩ በካሳ የተዘጋው በ2010 በ145 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ጠብቀዋል። «የማን ነው?» የሚለው የእማማ ጥያቄ እዚህም አገር ታሪኩ ረጅም ነው።

አሁንም ቢሆን መሬት ላይ ዓይን የጣለ አይጠፋም። በኖቬምበር 2022 የኦንታርዮ ፕሪሚየር ዳግ ፎርድ መንግሥት፣ አልነካውም ብሎ ቃል ከገባበት በቶሮንቶ ዙሪያ ካለው አረንጓዴ ቀበቶ 7 ሺህ 400 ኤክር ያህል አውጥቶ ለቤት ግንባታ ሊሰጥ ተነሣ። ከሩዥ ጋር የሚዋሰነው የእርሻ ጥብቅ ሥፍራም ከዝርዝሩ ውስጥ ነበረበት። ምክንያቱ የቤት እጥረት ነው ተባለ፤ እጥረቱም እውነት ነው፤ ከእኛ መካከል ለአንድ ክፍል ምድር ቤት ደሞዙን የሚጨርስ ስንት አለ! ነገር ግን ቶሮንቶ ስታር እና ናርዋል የተባሉ ሁለት የዜና ተቋማት ሰነድ አገላብጠው ከዚህ መሬት የተወሰነውን ማን በቅርቡ እንደገዛው ጻፉ። በኦገስት 2023 የክፍለ ሀገሩ ዋና ኦዲተር ቦኒ ሊሲክ የመሬቱ ባለቤቶች ከውሳኔው 8.3 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ የዋጋ ጭማሪ ሊያገኙ እንደሚችሉ፣ መሬቱ የተመረጠበትም መንገድ ሚዛናዊ እንዳልነበረ አሳወቁ። በሴፕቴምበር የቤቶች ሚኒስትሩ ስቲቭ ክላርክ ሥልጣን ለቀቁ፤ በዚያው ወር ፕሪሚየሩ ይቅርታ ጠይቀው መሬቱን መለሱ። ፌዴራል ፖሊስም ምርመራ ጀመረ።

ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም። በኦክቶበር 2024 በሐይቁ ዳር ኦንታርዮ ፕሌስ በተባለው ቦታ ለግል ኩባንያ የመታጠቢያና የመዝናኛ ማዕከል ሲባል ከ800 በላይ ዛፎች ተቆርጠዋል። ሰው ጮኾ ነበር። አልተሰማም።

* * *

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን መናገር አለብን። የሰውን አገር ጋዜጣ አመስግኖ የራስን መሳቢያ ዘግቶ ማለፍ ተገቢ አይሆንም።

በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ በምናዘጋጀው የመንግሥት ጋዜጣ ላይ ክረምት በመጣ ቁጥር የችግኝ ዜና የመጀመሪያውን ገጽ ይይዝ ነበር። ዜናው ከየክልሉ በፋክስ ይመጣል። ይህን ያህል ሚሊዮን ችግኝ ተተከለ፤ ሕዝቡ በነቂስ ወጣ። እኛ ቃሉን እናቃናለን፣ ሥርዓተ ነጥቡን እናስተካክላለን፣ ቁጥሩን ግን አንነካም። አንድ ጊዜ ያለፈው ዓመት ቁጥር ከዘንድሮው ጋር ሲደመር የወረዳውን መሬት በሙሉ እንደሚሸፍን አንድ ወጣት ባልደረባ አስልቶ አሳየን። ስቀን አለፍን።

ከዚያ አንድ ደብዳቤ መጣ። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ገበሬ ነው፤ የሚኖረው በዚያው ዓመት ስለ ችግኙ በሰፊው ጽፈን ባመሰገንነው ወረዳ ውስጥ ነው። ጽሑፋችሁን አነበብኩ አለ። ጉድጓዱ አለ፣ ችግኙ የለም አለ። ተራራው ሲከለል የግጦሽ መሬታችን ስለሆነ ማንም ሳያማክረን ነው፤ የማን እንደሆነ የማናውቀውን ዛፍ ማን ይጠብቃል? እናንተ መጥታችሁ እዩ። ደብዳቤው ይኸው ነው።

አላተምነውም። ለአለቃ አሳየነው፤ «ጊዜው አይደለም» ተባልን። መሳቢያ ውስጥ አስገባነው። ሥራውን ለቀን፣ አገርም ለቀን ስንወጣ ያ መሳቢያ ከነደብዳቤው ቀረ። የወረዳውን ስም እናስታውሳለን፤ የገበሬውን ስም ግን ረስተነዋል። ይህ የሌላ የማንም ጥፋት አይደለም። ማንም እስር ቤት አልወሰደንም፣ ማንም አልደበደበንም፤ ራሳችን ነን ያስቀመጥነው።

ገበሬው የጠየቀው ያኔ የተጀመረ ነገር አልነበረም። በደርግ ዘመን በዘመቻና በስንዴ ክፍያ የለማው የደን ተራራ፣ መንግሥቱ በወደቀበት በ1983 በእኛ አቆጣጠር፣ በብዙ ቦታ በወራት ውስጥ ተጨፍጭፏል። ሰው ዛፍ ስለሚጠላ አይደለም። ዛፉን የመንግሥት ንብረት አድርጎ ስላየው ነው፤ መንግሥቱ ሲሄድ ንብረቱም አብሮ ሄደ። ከዚያ በኋላ የመጡትስ? በሐምሌ 22 ቀን 2011 በእኛ አቆጣጠር የጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ መንግሥት በ12 ሰዓት ውስጥ ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ አለ። በየሴኮንዱ ከ8 ሺህ በላይ ማለት ነው። ሚሊዮኖች ሲወጡ አይቻልም ብለን አንከራከርም፤ እኛ የምንጠይቀው የሚቀጥለውን ቁጥር ነው። በስንተኛው ክረምት ስንቱ ቆሞ ተገኘ? ያንን ቆጥሮ ያለ ፍርሃት የሚጽፍ ማን ነው?

ስለ ፓርኮቹም ቢሆን ታሪኩ ያው ነው። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ፤ በ2017 ወጣ። ከመውጣቱ አንድ ዓመት በፊት በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎቿ ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ለዋልያው ደግ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ጊዮም ብላንክ የተባለ ፈረንሳዊ የታሪክ ምሁር ስለዚሁ ጽፏል፤ በአውሮፓ ገበሬውን ከነመሬቱ አክብሮ የሚጠብቅ ዓለም በአፍሪካ ገበሬውን የተፈጥሮ ጠላት ያደርገዋል ሲል ይሞግታል። ነጭ ሣር ላይ ደግሞ ነገሩ የከፋ ነበር። በ2004 ፓርኩ ለአንድ የውጭ ድርጅት በውል በተሰጠበት ዓመት ከ400 በላይ የጉጂ ጎጆዎች በባለሥልጣናት መቃጠላቸውን የመብት ድርጅቶች ዘግበዋል። ድርጅቱ በ2008 ለቅቆ ሄደ። ያኔ እኛ በሥራ ላይ ነበርን። በጋዜጣችን ላይ የወጣው የፊርማው ሥነ ሥርዓት ነው።

ታዲያ ሌላ መንገድ አላውቅ ብለን ነው? አይደለም። መንዝ ሂዱ። ጓሳ የሚባለውን ሣር የሚያበቅለውን ደጋ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚውሉበትን፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን ሜዳ፣ የአካባቢው ሰው ራሱ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ይጠብቀው እንደነበር ይነገራል። ቀሮ ይባላል ሥርዓቱ። (ከሰሞኑ ፖለቲካ ጋር የሚያያይዝ አንባቢ እንዳይኖር።) የአስቦና የጌራ ዘሮች መሪያቸውን ይመርጣሉ፤ ሣሩ ለዓመታት፣ አንዳንዴም ለሦስትና ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ ቀኑ ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለፍራሽ ያጭዳል። የዘጋው እነሱ፣ የከፈተው እነሱ። በእኛ አቆጣጠር የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ከርስቱ ጋር ይህንንም አፈረሰው። መሬት ለአራሹ ብለን የዘመርንበት አዋጅ መሆኑን አንዘነጋም፤ ብዙ ጢሰኛ ነፃ አውጥቷል። ጓሳን ግን ለሁሉም ሲያደርገው የማንም አደረገው፤ ሣሩ ተመናመነ። ኋላ ሕዝቡ በራሱ ኮሚቴ አቋቁሞ እንደገና ያዘው። ዛሬ ቱሪስት የሚያየው ያንን ነው። መናገሻ ሱባም ላይ አጼ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉ ይባላል፤ በየደብሩ ዙሪያ የቆመውን ደን ደግሞ ማንም ሚኒስቴር አልተከለውም።

አዲስ አበባም ዛሬ ፓርክ አላት፤ ይህን መካድ አይገባም። የጉለሌ እጽዋት ማዕከል አለ፤ በ2020 የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቷል፤ የሄዱ ዘመዶቻችን ጥሩ ነው ይላሉ፤ እናምናቸዋለን። ከባሕር ዛፉ ሥር ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል ሲወርዱ የኖሩት ሴቶች ግን ሲሠራ ማን አማከራቸው? በ2024 የኮሪደር ልማት ተብሎ ፒያሳ ሲፈርስ፣ በየወንዙ ዳር መናፈሻ ሲዘረጋ፣ እዚያ ተወልዶ ያረጀ ሰው ጥቂት ቀን ተሰጥቶት ዕቃውን ጭኖ ወደ ከተማው ዳር ሄዷል። ሰው ወይስ አውሮፕላን ብሎ የሚሟገትበት ፍርድ ቤትና ጋዜጣ አልነበረውም። የፒከሪንግ ገበሬም መሬቱን ተቀምቷል፤ ልዩነቱ ግን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጮኾ ማንም አላሰረውም።

* * *

ወደ ሩዥ እንመለስ። ኮረብታው ላይ ወጥተን ሸለቆውን ቁልቁል አየን። እማማ ብዙ አልተናገሩም፤ «ወፍ ዋሻን ይመስላል፣ ጽዱ ቀረ እንጂ» አሉ። ልጅ ሳሉ እዚያ አካባቢ አድገዋል። በመመለሻችን ላይ ቀይ የሜፕል ቅጠል ከመሬት አንሥተው ቦርሳቸው ውስጥ ሊከቱ ሲሉ የልጅ ልጃቸው እጃቸውን ያዘ።

«እማማ፣ ከዚህ አይወሰድም።»

«ዘበኛ የለም አላላችሁኝም?» አሉ ወደ እኛ ዞረው። ልጁ በሰባራ አማርኛው ቅጠሉ እዚያው በስብሶ አፈር እንደሚሆን ሊያስረዳቸው ሞከረ። እማማ ሰምተው ቅጠሉን መልሰው አስቀመጡት፤ «ይሄማ የኛም አፈር የሚሠራው እንዲሁ ነው፣ መቼ ጠፋኝ» እያሉ።

በመኪናው ውስጥ ለሚቀጥለው ጸደይ የዕድራችንን ሰዎች ሰብስበን ሃይ ፓርክ ስለመውጣት ተነጋገርን። ከ25 ሰው በላይ ከሆንን ከከተማው ፈቃድ ማውጣት አለብን። ቅጹን የሚሞላው የእማማ የልጅ ባል ነው፤ የከሰል ጥብስ የሚፈቀድበትንም ቦታ እሱ ያጣራል። እማማ እስከዚያ ቪዛቸው ይራዘምላቸው እንደሆነ አልታወቀም።